ደብረ ታቦርን መከተል

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲያቀኑ ከተማዋን አቃጥለዋት ነው የሄዱት። ዘመኑ 1860 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ባለፈው ዓመት ጎንደርንም አስዘርፈዋል፣ አቃጥለዋልም። ጎንደር ግን ድንጋይና ኖራ ነበረችና ግንቧ እሳቱን ችሎ ቆመ። የደብረ ታቦር ቤት እንጨትና ጭቃ፣ ሣርና ድንኳን ነበር፤ የነደደው ነደደ፣ የተረፈውን ክረምት አጠበው።

ዛሬ ወደ ደብረ ታቦር የሚመጣ እንግዳ ከመኪና እንደ ወረደ «ቤተ መንግሥቱ በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የነገሥታት መናገሻ ነበረች ሲባል ሰምቶ የመጣ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል? የከተማው ሰው ወደ ኮረብታ ይጠቁመዋል። ኮረብታው ላይ ባሕር ዛፍ አለ፣ ቆርቆሮ ቤት አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ። እንግዳው ፎቶ የሚያነሣው ግንብ ያጣና በማግስቱ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ጎንደር መንገዱን ይቀጥላል። ለብዙ ጎብኚ ደብረ ታቦር በሁለት የታወቁ ስሞች መካከል ታድሮ የሚታለፍባት ከተማ ናት። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ የሚያሳዝነኝም ከተማዋ ስለተናቀች ብቻ ሳይሆን፣ እንግዳው ምን እንዳለፈው ሳያውቅ ስለሚሄድ ነው።

የቆየ ከተማ ለማየት የሚነሣ ሰው ዘወትር የሚሄደው የቀረውን ለማየት ነው። የሕንድ ነገሥታትን ምሽጎች የሚጎበኘውም፣ ፋሲል ግቢ የሚገባውም፣ ባለቤቱ ሞቶ እርሱ ያልሞተ ግድግዳ ፊት መቆም ይሻል። መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ ሦስትና አራት መቶ ዓመት በእጁ የነካ ይመስለዋል። ይህን ፍላጎት አላቃልልም፤ እኔም ጎንደር በሄድሁ ቁጥር የማደርገው ነው። ነገር ግን ከሥሩ ያልተመረመረ እምነት አለ፤ ቅርስ የሚባለው ባለበት የሚገኝ፣ አጥር የታጠረለት፣ ቲኬት ተቆርጦ የሚገባበት ነገር ነው የሚል። ደብረ ታቦር ይህን እምነት ትፈትነዋለች። ከዚህች ከተማና ከዙሪያዋ ደጋ የወጣው ትልልቅ ነገር ተነሥቶ ሄዷል። መድፉ ሄደ። መጻሕፍቱ ሄዱ። ውኃው ይሄዳል፣ አፈሩም አብሮት። ዜማው በተማሪ አእምሮ ተጭኖ አገር ለአገር ይዞራል። ደብረ ታቦርን ማየት እወዳለሁ የሚል ሰው እንግዲህ እግሩን አንሥቶ ሊከተላት ይገባል ባይ ነኝ።

ከጅምሩም ከተማዋ የጦር ሰፈር ጠባይ ነበራት። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሶ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ራስ ዐሊ እዚሁ ተቀምጠው በጎንደር ዙፋን ላይ የፈለጉትን ያስቀምጡ፣ ያልፈለጉትን ያወርዱ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከሰሜን ዘምተው እዚሁ ገጠሟቸው፤ በዕለቱ አሸንፈው በድል ድግስ ላይ ሳሉ ተማረኩ። ከቴዎድሮስ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በከተማዋ አጠገብ ሰመራ ላይ ግቢ ነበራቸው። እንግሊዛዊው ጎርዶን በግብፅ ኬዲቭ ተልኮ እ.ኤ.አ. በ1879 ሊያነጋግራቸው የመጣው ወደዚሁ ነው። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌም ከዚሁ ተነሥተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ሜዳ ላይ፣ አውሮፕላን በራሳቸው ላይ እያንዣበበ፣ ወደቁ። ሁሉም መጡ፣ ከረሙ፣ ተነሡ። ንጉሥ ባለበት ከተማ ነበር፤ ንጉሥ ሲነሣ ከተማውም በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ይነሣ ነበር።

ከከተማዋ ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት አለ። ዛሬ ጋፋት ላይ ለዓይን የሚታየው፣ እዚያ ከተሠራው ጋር ሲመዛዘን፣ እጅግ ጥቂት ነው። በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ካለችው ከቅድስት ክሪሾና የተላኩ ሚስዮናውያን፣ እነ ቫልድማየር፣ ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው ቴዎድሮስ የሰጧቸው ሥራ ሌላ ሆነ፤ መንገድ፣ ጋሪ፣ በመጨረሻም መድፍ። አብዛኞቹ መድፍ የማፍሰስ ሙያ አልነበራቸውም። አንችልም ቢሉ ንጉሡ ሞክሩ አሏቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ምድጃው እንደገና ተሠራ፤ ብረቱ እንደገና ቀለጠ። ከእነርሱ ጎን ወናፍ የሚነፋው፣ ከሰል የሚያከስለው፣ ጭቃ የሚያቦካው፣ ቅርጹን የሚያቆመው የአገሬው ሰው ነበር። ስለ ጋፋት ሲወራ ዘወትር የሚነሣው የመድፉ ግዝፈት ነው፤ እኔን ግን ከሁሉ የሚደንቀኝ ያ የከሸፈው የመጀመሪያ ምድጃ ነው። የማያውቅ ሰው ከማያውቅ ሰው ጋር ሆኖ፣ በመቆጣት የሚታወቅ ንጉሥ ደጅ ላይ፣ ተሳስቶ እንደገና የጀመረበት ቦታ ነው። አንድ አገር ጥበብን ከሌላ የሚወስደው እንዲህ ነው፤ ዕቃውን ገዝቶ ሳይሆን እጁን አቃጥሎ።

ከዚያ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ፣ ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ወደብ የተወሰደ። ከተሠራ በኋላ ደግሞ ጋፋት ሊቀመጥ አልቻለም፤ ንጉሡ ወደ መቅደላ ይዘውት ተነሡ። በመቶ የሚቆጠር ሰው በገመድ ይጎትተዋል። መንገድ የለም፤ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተቆፈረ ነው የሚሠራው። ጋይንትን አቋርጦ፣ በጨጨሆ ወጥቶ፣ በዘቢጥና በቤተ ሖር አልፎ፣ የጅዳን ገደል ወርዶ ደላንታ ላይ መውጣት፣ እንደገና በሽሎ መውረድ፣ ከዚያ መቅደላ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደ ነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

በእነዚያው ወራት ከቀይ ባሕር በኩል ሌላ ጦር ወደዚያው አምባ ይገሰግስ ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር የተነሣው ከቦምቤ ነው፤ ወታደሩ አብዛኛው ሕንዳዊ፣ ከባድ መድፉን የተሸከሙትም ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ካርታውን በዓይነ ኅሊናዬ እዘረጋለሁ። ከሰሜን የሕንድ ዝሆን የተሸከመው መድፍ ይመጣል፤ ከምዕራብ የበጌምድር ሰው ትከሻ የጎተተው መድፍ ይመጣል፤ ሁለቱ አንድ ተራራ ሥር ይገናኛሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነገሩ አለቀ። ንጉሡ ሞቱ፤ ሴባስቶፖል እዚያው መቅደላ ላይ ቀረ፣ ዛሬም እዚያው ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው። ዝሆኖቹ ግን ባዷቸውን አልተመለሱም። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሊሠሩት ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቡት መጽሐፍ፣ መስቀልና ጽዋ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወረደ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለንደን ገቡ። ከእነዚያ አንዱ ክብረ ነገሥት በዐፄ ዮሐንስ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1872 ተመለሰ። የተቀሩት እዚያው ናቸው።

እንግዲህ ጋፋት ላይ ቆሞ «ቅርሱ የት አለ?» ለሚል ሰው እውነተኛው መልስ መንገድ ነው። ደግሞም መንገዱን የሚከተል ሰው የሚያየው ጀግንነት ብቻ ሊሆን አይገባም። ያን መድፍ የጎተተው ሰው ስሙ አልተጻፈም። ጦሩ የሚበላው እህል ከማን ጎተራ ነበር የሚወጣው? የበጌምድር ገበሬ በዚያ ዓመት ከብቱንም እህሉንም ቤቱንም አጥቷል፤ ብዙው ሸፍቷል፣ ብዙው ተሰድዷል። ቴዎድሮስን ከልቤ እወዳቸዋለሁ፤ የእኚህን ንጉሥ ሕልም ያልወደደ አበሻ ጥቂት ነው። ቢሆንም ጨጨሆ ገደል ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የገመዱ ሸካራነት ነው፤ በማን ትከሻ ላይ እንዳለፈ፣ ያ ሰው ማታ ምን በልቶ እንዳደረ። የኩራታችን ዋጋ በእነዚያ ሰዎች ሥጋ ተከፍሏል። ይህን ሳይሉ ስለ ሴባስቶፖል ማውራት ግማሹን መዋሸት ይመስለኛል።

ዛሬ በዚያው አቅጣጫ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በጋሳይ፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። አገሬውም የቻይና መንገድ ይለዋል። ጤፍና ድንች፣ ተማሪና ነጋዴ ይመላለስበታል፤ ጦርም እንደ ጥንቱ ይመላለስበታል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ውጊያ እስከ ጉና ተራራ ሥር ደርሶ፣ ደብረ ታቦር ከተማ ላይ የመድፍ ጥይት ወድቆ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። ጋፋትን ለመጎብኘት ለመጣ ሰው ይህንንም መንገር ያስፈልጋል። መድፍ በዚህ አገር ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን በወደድሁ።

ነሐሴ የደብረ ታቦር በዓል የሚከበርበት ወር ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ሆያ ሆዬው፣ ጅራፉ፣ ችቦው፣ ሙልሙሉ በሌላውም የአገራችን ክፍል አለ። እዚህ ግን ከተማዋና በዓሉ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ቀኑ የእያንዳንዱ ሰው የልደት ቀን ያህል ነው። በወንጌሉ ታሪክ ጌታ በተራራው ላይ ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ ጴጥሮስ ሦስት ዳስ እንሥራ፣ እዚሁ መኖር ለእኛ መልካም ነው አለ። ሰው ደስ ያለው ቦታ ላይ ቤት መሥራት ይፈልጋል፤ ከዚህ የበለጠ ሰብአዊ ልመና አላውቅም። ዳሱ ግን አልተሠራም። ደመና ጋረዳቸው፣ ድምፅ ሰሙ፣ ከዚያ ከተራራው ወረዱ። ከታች የታመመ ልጅ ይዞ የሚጠብቅ አባት ነበር። እኔ ይህን ምንባብ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ደጅ ላይ ቆሜ ስሰማ፣ ግንብ ያልቀረላት ከተማ ለምን ግንብ እንዳልቀረላት ማዘኔ ይቀንስልኛል። ጴጥሮስ ከተራራው የወረደው ያየውንና የሰማውን ይዞ ነው፤ የሰበከውም ያንን ነው።

ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ጉና ተቀምጧል። ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። በሚሊዮን ከሚቆጠር ዓመት በፊት እሳተ ገሞራ ነበር፤ ዛሬ የሚያመነጨው ውኃ ነው። ርብ ከጉና ይነሣል፤ ጉማራም ከጉና ይነሣል፤ ሁለቱም ጣና ይገባሉ። በምሥራቅ በኩል ያለው ምንጭ ደግሞ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በአንድ ክረምት ማታ ጉና ጫፍ ላይ የጣለ ዝናብ ግማሹ በጣና በኩል ዓባይ ሆኖ ካርቱም ይደርሳል፤ ግማሹ በተከዜ በኩል ሑመራን አልፎ ሱዳን ይገባል፤ የተለያዩት ውኃዎች ሱዳን ውስጥ አትባራ ላይ እንደገና ይገናኛሉ። በዚህ ተራራ ላይ የሚያርስ ገበሬ ከሞፈሩ በስተግራና በስተቀኝ የሚፈሰው ውኃ ይህን ያህል ዙሮ እንደሚገናኝ ማን ነግሮት ያውቃል?

ወደ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ ስንዴና ድንች ነው፣ ከዚያ ገብስ ብቻ ይቀራል። ከገብሱ በላይ አስታ፣ ከአስታው በላይ ጓሳና ጅብራ። በካርታ ላይ እነዚህ የተለያዩ ቀለበቶች ናቸው፤ በእግር ሲሄዱ ግን ገብሱ ወደ ጓሳው ገብቶ ያገኙታል። ውርጭ የሚመታው፣ ዛላው አጭር፣ ድንጋይ በድንጋይ የሆነ ማሳ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ማሳ ዳር ቁጭ ብዬ የቦዩን ውኃ አየሁት። የሻይ ቀለም ነበረው። ጣቴን ነክሬ ሳወጣው ጣቴ ላይ ደቃቅ አፈር ቀረ። ያ አፈር በርብ ወርዶ ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ፎገራ ላይ በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው ዋና ሰብል ሆኗል፤ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል ተከፍቷል። የጉና ገበሬ የሚያጣው አፈር የፎገራ ገበሬ እንጀራ ነው። ይህን አፈር የሠራው ማን ነው፣ የማንስ ነው ብሎ መጠየቅ ሕግ የማይመልሰው ጥያቄ ነው። ላይ ያለው ጓሳውን እንዳያርስ፣ ከብቱን እንዳያሰማራ ሲነገረው «ምን ልብላ?» ይላል፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ከታች ውኃውን የሚጠጣ ሁሉ፣ ከፎገራ እስከ ባሕር ዳር፣ መልስ ሊሰጠው የሚገባ እርሱ ነው። ጎብኚ ደግሞ ጉናን «ውብ ተራራ» ብሎ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ጥያቄውን አልሰማም ማለት ነው።

ርብ ጣና የሚገባው በፎገራ ምድር ነው። በዚያው በፎገራ ናበጋ አለቃ ገብረ ሐና ተወለዱ። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ስማቸው ሲነሣ ሰው ከወዲሁ ፈገግ ይላል። ለእኔ ግን ከቀልዳቸው ሁሉ የሚበልጠው በአቋቋም፣ በማኅሌት ዜማና እንቅስቃሴ፣ የሠሩት ሥራ ነው። ጣና ዳር ተቀምጠው የውኃውን ማዕበል ሲሄድና ሲመለስ፣ ነፋስ ደንገሉን ሲያጎነብሰውና ሲያቀናው እያዩ አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ዝማሜውም በልጁ ስም ተጠርቶ ደብረ ታቦር ላይ ጸና። ዛሬ የተክሌ አቋቋም ሲባል ቤቱ ደብረ ታቦር ነው።

አንድ የአቋቋም ተማሪ ሲዘም ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እግሩ ከመሬት አይነሣም። መቋሚያው በቀኝ እጁ መካከሉ ላይ ተይዟል፤ ራሱ ላይ ያለው መስቀለኛ እጀታ ቀድሞ ያዘነብላል፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ወገቡ። እስከ ታች ይደርስና ለቅጽበት ይቆማል፤ ያቺ ቅጽበት ዜማው የሚረግጥባት ቦታ ናት። ከዚያ ያው እንቅስቃሴ በሌላው ጎን ይመለሳል። አንዱ ተማሪ ሲዘም ግለሰብ ነው። ሠላሳ ሊቃውንት በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው ሲዘሙ ግን ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ማዕበል ይነሣል፤ አንዱ ረድፍ ሲያጎነብስ ሌላው ይቀናል። እዚህ ላይ ነው ያ የጉና ውኃ የሚመለሰው። ከተራራው ወርዶ በናበጋ በኩል ሐይቅ የገባው ውኃ፣ በአንድ ሰው ዓይን አልፎ፣ በልጁ ጉልበት ወጥቶ፣ 2,700 ሜትር ላይ ባለች ከተማ በሰው ወገብ ላይ ይታያል። «የተፈጥሮ መስህብ» እና «የባህል መስህብ» ብለን በሁለት ዓምድ የምንጽፋቸው ነገሮች እዚህ አገር አንድ ነገር ናቸው። ጣናን ያየ ዝማሜውን ካላየ ጣናን ግማሽ ነው ያየው፤ ይህን ስል አላጋነንሁም።

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም አለች። ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ የተማረ ሰው ሁሉ ስሟን ያውቃል፤ የድጓ መምህር መሆን የሚሻ የትም ይማር የት ለምስክር የሚመጣው ወደዚህች ቤት ነው። ሕንፃዋን ከሩቅ የሚያይ ሰው እንደ ማንኛውም የአገር ቤት ክብ ቤተ ክርስቲያን ያያታል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ክቡ ጣሪያ ከሥሩ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሸሽጎ ይገኛል፤ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ አራት ማዕዘን፣ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ። የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓኬናም እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣትነቱ ተጉዞ አይቶ ለውጭው ዓለም ጻፈላት። ለውጭው ዓለም ግኝት ነበር፤ ለድጓ ተማሪ ግን ቤተልሔም ጠፍታ አታውቅም። ጎብኚው በአንድ ቀን ድንጋዩን አይቶ ይሄዳል። ተማሪው ዓመታት ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜም ያን ድንጋይ ልብ ብሎ አላየውም፤ የመጣው ለሌላ ነው።

ድጓ የሚማር ሰው መጽሐፉን በራሱ እጅ ይጽፋል። ብራናውን ይፍቃል፣ ቀለሙን ይበጠብጣል፣ ቃሉን ከጻፈ በኋላ ደግሞ በመስመሩ አናት ላይ ምልክቱን በቀጭን ብዕር ያሰፍራል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ እንዲሁም ከሌላ ዜማ ቃል የተቆረጡ ጥቃቅን ፊደላት። ያ ጥቃቅን ፊደል ያለ መምህር አይነበብም። «ይህ እንደዚያ በዓል እንደዚያ ቃል ይዜማል» የሚል ምልክት ነውና፣ ያኛውን ዜማ ያልሰማ ሰው ፊት ድምፅ የለውም። መጽሐፉ ተሰርቆ ለንደን ቢገባ ተሰቅሎ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ዲጂታል ይደረጋል፤ ይህ ሁሉ ጠቃሚ ነው፣ መጻሕፍቱም መመለስ አለባቸው። ግን ምልክቱን የሚያዜም ሰው ከሌለ የተመለሰው ብራና ምንድን ነው? ከዚያው አገር ዙር አምባ አለ፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ገዳም ነው፤ ቅዱስ ያሬድ ራሱ እዚያ ተቀምጦ ዝማሬውን እንደ ደረሰ ይተረካል። ቤተልሔምም ዙር አምባም የሚጠብቁት ነገር ከግድግዳቸው ውጭ ነው የሚኖረው። ደቀ መዝሙሩ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ተምሮ ሲጨርስ ወደ ሸዋ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ሐረር ይሄዳል፤ ዛሬ ደግሞ ወደ ዋሽንግተንና ወደ ለንደን። በስደት አገር ባለ ቤተ ክርስቲያን እሑድ ጠዋት የሚሰማው ዜማ የጋይንት ዜማ ነው፤ ከዚያ ቆመው የሚሰሙት ልጆች ግን ጋይንት የት እንደሆነ አያውቁም።

የሚሄድ ቅርስ ከሚቀመጠው የሚለይበት አንድ አስፈሪ ነገር አለ። ግንብ ሲፈርስ ድንጋዩ እዚያው ወድቆ ይቆያል፤ ከመቶ ዓመትም በኋላ ሰው አንሥቶ ሊያቆመው ይችላል። ዜማ ግን ተሸካሚው ከሞተ ፍርስራሽ የለውም። አንድ የአቋቋም መምህር ተተኪ ሳያወጣ ሲሞት ማንም ሰው ሄዶ የሚያየው የወደቀ ነገር አይኖርም፤ ስለዚህም ማንም አይጮህም። የአብነት ተማሪው በጎጆ ውስጥ ይታመማል፤ በድርቅ ዓመት የሚለምንበት ቤት ራሱ ያጣል፤ በጦርነት ዓመት መንገድ ይዘጋበታል። ለግንብ ጥገና በጀት እንጠይቃለን፣ ልክ ነው፤ ለመምህሩ ቀለብ ግን ማን በጀት ይይዛል? የባህልና የቱሪዝም ሰዎች ይህን ጥያቄ ከሆቴል ብዛት ቀድመው ቢያነሡት እመኛለሁ።

ሁሉም ነገር ሄዷል ብዬ ግን አላበቃም፤ አንድ ያልሄደ ነገር አለ። ከማንኛውም የደቡብ ጎንደር ኮረብታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚያይ ሰው፣ በታረሰው ቡናማ ምድር መካከል እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ነጥብ ያያል። እያንዳንዱ ነጥብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚህ ዞን 28 አብያተ ክርስቲያናትን አጥንቶ በደናቸው ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅ መዝግቧል። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ሌላ ቦታ ፈልገው የሚያጡት ሁሉ እዚያ አለ። ያ ደን የተረፈው የመናፈሻ ሕግ ስለወጣለት አይደለም፤ የታቦት ግቢ ስለሆነ መጥረቢያ የያዘ ሰው ደጁ ላይ ስለሚያፍር ነው። ነገር ግን ከብት ይገባል፣ ችግኝ ይረግጣል፤ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ የለውም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአንዳንድ ደብር ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ አምጥቶ የደኑን ዙሪያ አጥሯል። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑ ከከብት ተጠበቀ። በአጥሩ ውስጥ ቡቃያ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ከትልቁ ወይራ ሥር፣ ጣት የማታህል። ከዓለም ሳጋ ጥብቅ ደን ይልቅ ለጎብኚ መጀመሪያ የማሳየው እንዲህ ያለውን ደን ነው፤ ሰው ራሱ ፈርቶና ወድዶ ያቆየው ስለሆነ።

ስለ ጋፋት የሚነሣ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሐውልት፣ አደባባይና የመድፍ አምሳያ ነው። አልቃወምም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ጋፋት ብሎ ሰይሞታል፤ ስያሜው ትክክል ነው። ከዚያ ኢንስቲትዩት የምጠብቀው ግን ከስያሜው የበለጠ ነው። ከአርኪዮሎጂስት ጋር ሆነው የጋፋትን አፈር በጥንቃቄ ይቆፍሩ፤ የምድጃው መሠረት፣ የቀለጠው ብረት ዝቃጭ፣ የተሰበረው የቅርጽ ጭቃ እዚያው መሬት ውስጥ ነው መፈለግ ያለበት። ተማሪዎቹ ከአካባቢው አንጥረኛ ጋር ተቀምጠው፣ የዚያን ዘመን ዓይነት ወናፍ ሠርተው፣ በከሰል ብቻ ስንት ኪሎ ብረት በአንድ ጊዜ ማቅለጥ እንደሚቻል ይሞክሩ፤ የመጀመሪያው ቢከሽፍ ይመዝግቡት፣ ሁለተኛውን ይጀምሩ። ሰላም ሲወርድ ደግሞ በጋይንት፣ በጨጨሆና በደላንታ አልፈው በእግራቸው መቅደላ ይውጡ። በየመንደሩ ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብለው መድፉ በየት በየት እንዳለፈ፣ የማን አያት እንደጎተተው፣ የማን ቤት እንደተዘረፈ ጠይቀው ይጻፉ። ከዚያ እዚያ ያለውን ሴባስቶፖልን ራሱን ይለኩት፣ ብረቱ ከምን ከምን እንደተደባለቀ ይመርምሩት። ለዚህ የሚያስፈልገው የጥቂት ተማሪዎች ጫማ፣ የአንድ መምህር ፈቃድና የመንገዱ ሰላም ነው።